የተፈቱት ኤሌክትሮኖች

ልጄ ባሏን ፈትታ ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤቴ የተመለሰችው በጾሙ መግቢያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያንኑ ሃይስኩል አስተምር ነበር፤ አሁን የማስተምረው ጉልበቶቼን ነው፣ እነሱም አይሰሙኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ለከተማው ሰው ስለ ሌዘር በአማርኛ ተናገሪ ተብላለች።

«አባዬ፣ ብርቱ ብርሃን አየር ውስጥ ሲያልፍ ከአቶም የሚነጥላቸውን ኤሌክትሮኖች ምን ልበላቸው?»

«የተፈቱ በያቸዋ!» አልኩ፣ ሳላስብ።

ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ለካ ጡረታ መውጣት የነበረበት አፌ ነው።

«ይሄን ቃል ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት? ብቀርና ሌላ ሰው ቢናገር ይሻላል።»

«እንግዲያው ልቅ በያቸው።»

«አባዬ!»

የባሰውን ነበር የመረጥኩላት። «ነፃ» ስላትም ራሷን ነቀነቀች። «ነፃማ የት ሆነው? ከአቶሙ ቢላቀቁም ብርሃኑ ወዲያ ወዲህ ያመላልሳቸዋል።» ደክሟታል። እሷን ሳይ እኔም ደከመኝ፤ ድሮም ለመድከም ሰበብ አላጣም።

ቀኑ ሲደርስ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ቀድማኝ ታክሲ ተራ ደረሰች። እኔ ከአዳራሹ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተዘረፈጥኩ።

«ብርሃኑ አየር ውስጥ ራሱን እየሰበሰበ ይጠባል» አለች። «ሲጠብ ይበረታል፣ ሲበረታ ኤሌክትሮኖችን ከአቶም ይፈታል። የታሰረው ኤሌክትሮን ብርሃኑ በገፋው በኩል ይሄዳል። የተፈታው ግን ወደ ቀኝ ሲገፉት ግራ ላይ ይገኛል። የተፈቱት ሲበዙ ብርሃኑን መልሰው ይበትኑታል። መሰብሰቡና መበተኑ ሲመጣጠን ብርሃኑ እንደ ክር ቀጥኖ ሩቅ ይዘልቃል።»

«የተፈታው» ስትል ከፊት የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። የግድግዳ ጎረቤታችን የሆኑት ባልቴት እጃቸውን አወጡ።

«ሸጋ ነው ልጄ። ግን እኒያ የተፈቱት ተመልሰው አይታሰሩም?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንቀላፋ ሽማግሌን ማንም ምስክር አይጠራውም።

«ይታሰራሉ» አለች ልጄ፣ ሳትቸኩል። «ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ብዙዎቹ ይታሰራሉ። ግን የግድ ከቀድሞው ጋር አይደለም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዓይኔን ስገልጥ ባልቴቷም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ያልሳቀችው ልጄ ብቻ ነበረች፤ ውሃ ተጎነጨችና ግድግዳው ላይ ወደምታሳየው ቀጣይ ሥዕል አለፈች።