ግብሩ የቀለለ ዓመት

ፋንታነሽ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ግጥም ማንበብ ስትጀምር ኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ተማሪ ሁሉ ይባንናል። ባሏ አንለይ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ከርሞ፣ ኋላ ወደ አስኳላው የተሻገረ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለቱም ወር ጠብቀው ደመወዝ ስለሚበሉ ዘመድ አዝማዱ «የደላቸው» ይላቸው ነበር። እነዚያው የደላቸው ሰዎች ግን አንዲት ልጃቸውን ከጎናቸው ማሳደግ አቅቷቸው ሦስት ዓመት ኖረዋል።

ነገሩ የመጣው ቀስ እያለ ነው። ኪራዩ ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ ከሁለት ክፍል ወደ አንድ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ የአንለይ እናት ታመው ከገጠር መጡና ሐኪም ቤት እየተመላለሱ እነሱው ዘንድ ቀሩ። አልጋው ለእሳቸው ሆነ፤ ባልና ሚስት ፍራሽ ዘርግተው መሬት ወረዱ። ልጃቸው ትንቢት በሁለቱ መካከል ተጣጥፋ ስትተኛ ያየች የፋንታነሽ ታላቅ እህት፣ የብርጓል፣ «ይቺን ልጅ ስጪኝ። እኔ ጋ ቦታው ሞልቷል፤ የጠፋው ሰው ነው» አለችና ይዛት ሄደች።

የብርጓል አማኑኤል ከተማ፣ አውራ መንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጅ አልወለደችም። ታናናሾቿ ሁሉ «እታለም» ይሏታል፤ ትንቢትም እንደነሱ «እታለም» ማለት ለመደች። በየበዓሉ ልጅቷን ከቅቤና ከሽሮ ጋር ታመጣታለች። ፋንታነሽ ታመሰግናለች። እህቷን እስከ መናኸሪያ ትሸኛለች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ግን ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

በ2017 ሐምሌ መጨረሻ አንለይ የባንኩን መልእክት ስልኩ ላይ አይቶ፣ «ሒሳብ ክፍሎቹ ተሳስተዋል፤ አብልጠው ሰደዱልኝ» ብሎ ደነገጠ። የፋንታነሽም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ኋላ ሲጠይቁ ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ተሻሽሎ መቀነሱን ሰሙ።

አንለይ የቅኔ ቤት ነገሩ አልለቀቀውም። «ድሮ ነገሥታቱ ግብር ሲያበሉ ሰው ግብር በላ ይባል ነበር። በእኛ ጊዜ ግብር ሰውን በላ። ዘንድሮ ትንሽ ጠግቦ መሰለኝ» አለ። አሮጊቷ እናቱ ሳይቀሩ ሳቁ።

የተረፈው ብዙ አልነበረም። ገበያው እንደሆነ አይጠግብም፤ ዘይት ቢሉት ዘይት፣ ጤፍ ቢሉት ጤፍ ሆኖ ይጠፋል። ይህን የምታውቀው ፋንታነሽ፣ «ስም ሳይወጣለት ክፍል እንከራይበት» አለች። በግቢው ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተመርቆ የለቀቃት ጠባብ ክፍል ነበረች። የሁለቱ ተደምሮ፣ ትንሽም ተጨምሮበት በቃ። ትንቢት ትመለስ ተባለ።

ቅዳሜ ጧት አማኑኤል ስትደርስ ፋንታነሽ መጀመሪያ ያየችው የሱቁን መደርደሪያ ነው። ግማሹ ባዶ ነው።

«እታለም፣ ክፍል አገኘን። ልጄን ልወስድ መጣሁ።»

የብርጓል የያዘችውን ሚዛን አስቀመጠች። ከዚያ «እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» ብላ አቀፈቻት። ትንቢት ግን አልዘለለችም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እታለም ብቻዋን ልትቀር ነው?» አለች። «ግብር ከብዷት ዕቃ ማስገባት አቁማለች እኮ።»

«ዝም በይ አንቺ!» ብላ የብርጓል ተቆጣች። ፋንታነሽ አጥብቃ ስትጠይቃት ግን ሳትወድ ተናገረች። «የእናንተ ቀለለ፤ የእኔ ከበደ። ዘንድሮ ከሽያጩ ነው የሚታሰበው አሉኝ። ዱቄትና ስኳር ገብቶ ይወጣል እንጂ ትርፉ የታለ?»

ፋንታነሽ ባዶውን መደርደሪያ ዳግመኛ አየች። «እንግዲያው ክፍሉ ይቅር። የተረፈንን ላንቺ…»

«ውሰጃት!» አለች የብርጓል። «እኔ ልጅ ያሳደግሁት ላከራይ ነው? የሰጠሽኝን ደስታ በብር አትለውጪብኝ።»

የዚያን ዕለት እናትና ልጅ ማርቆስ ገቡ። ትንቢት አዲሷ ክፍል ውስጥ ልብሷን ስታጣጥፍ ፋንታነሽ ቆማ እያየች አላለቀሰችም ያለ ሰው ይዋሻል።

ነገር ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በእሷ ጉትጎታ በሚቀጥለው ሳምንት አንለይ ፈቃድ ጠይቆ አማኑኤል ወረደና የብርጓልን ይዞ ወደ ገቢዎች ቢሮ ሄደ። ብቻዋን ሄዳ መጠየቅ አስፈርቷት ነበር። እዚያ ያገኙት ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር፤ አስቀምጦ አስረዳት፤ «በአንድ ጊዜ ካልቻሉ እየከፋፈሉ ይክፈሉ» አላት። ስትወጣ፣ «ይህን ያህል የፈራሁት ይሄን ልጅ ነው?» አለች።

ፋንታነሽ ደግሞ ከእህቷ ሽሮ ትንሽ ይዛ መምህራን ማረፊያ ገባች። ለምሳ የቀመሱት መምህራን፣ እነሱም ደመወዛቸው ትንሽ ተንፈስ ያለላቸው ነበሩና፣ «ከየት ነው? ለእኛም ይምጣልን» አሉ። ከሽሮው በርበሬ ተከተለ። የብርጓል በሱቁ ጓሮ ሁለት ሴቶች አስገብታ ማዘጋጀት ጀመረች። አማኑኤል የቆመ ሚኒባስ ሁሉ የእሷን ከረጢት ሳይጭን አይነሳም ተባለ። ሱቁ ከግብሩም ተርፎ ቀስ በቀስ ሞላ።

ለጥምቀት የብርጓል ማርቆስ መጥታ በትንቢት ክፍል ውስጥ አደረች። በማግስቱ ጧት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች የልጅቷን ፀጉር ስትሠራ ፋንታነሽ ወጣች። ስንት ዓመት አንጀቷ ውስጥ ያደረውን ልትናገር ፈልጋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እታለም፣ እኔ አንቺን በምን ቋንቋ…»

«ተይ እንግዲህ። አማርኛ አስተማሪ ሆነሽ ቋንቋ ጠፋሽ?» አለች የብርጓል፤ እጇን ከልጅቷ ፀጉር ሳታነሳ። «ምስጋናውን ለፈጣሪ ስጪ። ለእኔ ማበጠሪያውን አቀብይኝ።»