ተኳሿ ያወጣችው ዘፈን

በአንድ ላውንደሪ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ነበረች። ደንበኞቿ «ተኳሿ» ይሏታል። እሷም «ከሸሚዝ ሌላ ተኩሼ አላውቅም» እያለች ትስቃለች። ሳቋ ቅርብ ነው፤ ሆዷ ግን ሩቅ።

በወጣትነቷ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ትወድ ነበር። ድንበር ማዶ ሥራ ሲያገኝ «ሁለት ወር ብቻ ጠብቂኝ» ብሏት ሄደ። ሁለት ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ዓመት ወለደ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ «ስንቱ ደህና ሰው በደጅሽ ያልፋል፤ አንቺ የሄደ መኪና አቧራ ታያለሽ» እያለች ትቆጣታለች። ተኳሿ ግን ካውያው ሲግል፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሲሸፍነው፣ ራሷ ያወጣችውን ዜማ ታንጎራጉራለች።

አንድ ቀን «ሽቦ» የሚሉት ቀጭን ጊታሪስት ሸሚዙን ሊወስድ መጥቶ ባንኮኒውን ተደግፎ ቀረ።

«እትዬ፣ ይሄ የማን ዘፈን ነው?»

«የማንም አይደለም። የኔ ነው።»

«እስቲ ይድገሙልኝ፣ በሞቴ!»

አፍራ ፊቷን ወደ ካውያው እንዳዞረች ዘፈነችለት፦

ሁለት ወር ብለኸኝ፣ ሁለት ወሩ ሸበተ፤
ጆሮዬ ከበሩ፣ ተጣብቆ ሰነበተ።

ሽቦ ሸሚዙን እዚያው ረስቶ ሄደ። በሳምንቱ ከአንድ ጎማ መሸጫ ጀርባ ወዳለችው፣ እሱ የሚጫወትበት ባንድ መለማመጃ ክፍል ወሰዳት። ድራመሩ እንደ ጉድ ሲደበድብ ጆሮዋን ይዛ «ኧረ ቀስ በል! ሴትዮዋ ናፍቃ እኮ ነው፤ ተጣልታ አይደለም» አለችው። ሳቁ፤ ግን እንዳለችው አደረጉ። መጀመሪያ ጊታር ብቻውን፣ በለሆሳስ፤ ድራሙ የሚገባው ሁለተኛው አዝማች ላይ ሆነ። የባንዱ ወጣት ዘፋኝ «ሰነበተ» የሚለውን ቃል ስታስረዝመው ተኳሿ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የቀረውን ውጭ ቆማ ሰማችው።

ዘፈኑ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ታክሲውም ፀጉር ቤቱም ሬዲዮውም እሱኑ ሆነ። ሙሽሮች ሳይቀሩ ተቃቅፈው ይደንሱበታል። እህቷ «ገና ሳይለያዩ ይናፈቃሉ እንዴ?» ብላ ተገረመች። ሽቦ በሬዲዮ ቀርቦ ግጥሙም ዜማውም የተኳሿ እንደሆነ ሲናገር ላውንደሪው በሰው ተጨናነቀ። አንዳንዱ የሚታጠብ ልብስ እንኳ አልያዘም፤ ስለሄደበት ሰው ሊያጫውታት ነው የመጣው።

ዘፈኑ በወጣ በስምንተኛው ወር፣ ቀትር ላይ፣ ወፈር ያለ ሽበታም ሰው ገባና በስሟ ጠራት። ካውያውን አቆመችው።

«ዘፈኑን እየነዳሁ ሰማሁት» አለ ሹፌሩ። «ሁለት ወር የሚለው ጋ ሲደርስ መኪናውን ዳር አስያዝኩ።»

«ለምን አልጻፍክልኝም?»

«ሥራው አልሳካ አለኝ። ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ ዘገየሁ፤ ከዘገየሁ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ... አገባሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«ይደጉልህ» አለችው። ከልቧ ነበር።

«አንዴ ብትዘፍኝልኝስ?»

«አይሆንም። ዘፈኑ ላልመጣው ሰው ነው።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ።

ከሥራ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ቤት ገብቷል።

«መጣ አሉ!» አለች እህቷ። «እህሳ፣ አሁንስ ወጣልሽ?»

ተኳሿ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መንገድ ላይ ባገኘው አልለየውም ነበር» አለች። «ድምፁ ግን ያው ነው። ስሜን ሲጠራኝ... ምነው ባልጠራኝ።»

እህቷ ያዘጋጀችውን ተግሣጽ ዋጥ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ተኳሿም ያኔ ሲሄድ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።