የድርጭቶቹ ተራ

ዛሬም ጤዛ ያረፈበት ደረቅ ቁጥቋጦ ሲሸተኝ መንገዴን ትቼ እቆማለሁ። የባልድዊን ሂልስ ጠዋት እንዲያ ነበር የሚሸተው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ፣ እዚያ ኮረብታ ሰፈር አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ተዳፋት ላይ ጥቂት ድርጭቶች ቀርተው ነበር። ሌላ የሚያስባቸው ሲጠፋ ሴትዮዋ ጎረቤቱን ሰብስበው የጥበቃ ተራ አወጡ። ድርጭት፣ መቼም እንደሚታወቀው፣ እንቁላሏን መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ውሻ ይዞ የሚያልፈውን ሁሉ “እባክህ እሰረው” ይላል። ሥራው ይኸው ነው። ሴትዮዋ ግን ስንት ዓመት ለፍተውበታል። በዚያ ዓመት የታቀፈችው አንዲት ድርጭት ብቻ ነበረች። ለእኔ እሑድ ደረሰኝ።

እሑዱ ደግሞ ፋሲካችን ሆኖ አረፈው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ የምሠራበት የአበሻ ምግብ ቤት ባለቤት ሽንኩርት እየላጡ፣ “ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ እንዴት ልትነሺ ነው? በዓላችን ነው ብለሽ ተራሽን ቻንጅ አድርጊያ!” አሉኝ።

“ኖ እትዬ፣ ገና በመጀመሪያ ተራዬ ሰበብ አበዛች ይሉኛል።”

“ኦኬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።”

ክፉ ይሉኝታ ነው እንጂ አከራዬ እምቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

ቅዳሴው አልቆ፣ ጾም ፈትተን ስመለስ ሊነጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ከነጫማዬ ጋደም አልኩ። ስነቃ ፀሐይ ፊቴ ላይ ነበረች። እየሮጥኩ ወረድኩ። ላባው ቁጥቋጦው ሥር ተበትኗል፤ እንቁላሎቹ ፈርጠዋል። አንድ መንገደኛ ውሻውን በአንገቱ ይዞ እዚያው ቆሞ፣ “አላወቅኩም፣ የነገረኝ የለም” ይላል። እውነቱን ነው። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ በዓሉንም እንቅልፉንም።

“ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ እኔ እቆምልሽ ነበር” አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓደኛውን ያጣው ወንዱ ድርጭት ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ወጥቶ ሲጣራ ሰነበተ። ቁርስ ላይ ተቀምጠን ሁለታችንም እንሰማዋለን፤ ቀና የሚል የለም። አንድ ቀን ሴትዮዋ ማንኪያቸውን እንደያዙ ጆሮአቸውን ጥለው ቆዩ።

“ዛሬ ዝም አለ” አሉ። ከዚያ ተነስተው ሻዬን ደገሙልኝ።