የአለቃዋ ምስጋና

ኮት ሰፊዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ አለቃ ዘንድ ሠርታለች። ሰውዬው ሲያሻው «እጅሽ ይባረክ» ይላታል፤ ሲያሻው ያንኑ ስፌት ፊቷ ላይ ወርውሮ ወር ሙሉ ይዘጋታል። መቼ እንደሚያመሰግናት ስለማታውቅ ዓይኗ ከበሩ አይነቀልም ነበር።

እህቷ ልብስ ስፌት ቤት ስትከፍት «ነይ እኔ ጋ፤ እንደ ሰው ትሠሪያለሽ» አለቻት። እሺ ብላ ልትሰናበተው ቢሮው ስትገባ ግን አለቃዋ የሰፋችውን ኮት እያገላበጠ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አላት። ልትነግረው የመጣችውን ተወችው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።

«ጥቁር ክር አልቆብኝ ነው» አለች።

ወደ ማሽኗ ተመልሳ ስትቀመጥ ደስታና እፍረት ባንድነት ተሰማት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሁለት ወር ቀና ብሎ እንኳ አላያትም፤ እሷም ከቀድሞው ይልቅ እየተጠነቀቀች መስፋቷን ቀጠለች።