ሁለት ድንኳን ለመቶ ሃያ አባወራ

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፤ አዳማ

አጎቴ ጋሼ ታደሰ ሁሩታ ውስጥ የሚኖሩበት ሰፈር ዕድር ሰብሳቢ ናቸው። ሐሙስ ደውለው፣ «ኢኮኖሚክስ አይደል የምታስተምሪው? ነይና አስረጂልን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሩ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው በከተማው ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ሰሞኑን አንድ ቆጣቢ ገንዘቡን ሊያወጣ ሄዶ «ሰኞ ተመለስ» ስለተባለ፣ ማኅበሩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ዕድሩ ትልቁ ቆጣቢ ነው፤ እሱ ካወጣ ሌላውም ይሰለፋል፣ ማኅበሩም ይወድቃል። ውሳኔው ዛሬ ከሰዓት ነው።

ጠመኔ ሳይቀር ይዤ ተነሣሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከመልካሳ እስከ ደራ

መልካሳ ላይ ለጋሼ ፓፓያ ገዛሁ፤ ሻጯ ሰማንያ ብር ብላ በስልሳ ሰጠችኝ። አዋሽን ተሻግረን ደራ ስንደርስ ሚኒባሱ ሽንኩርት ለመጫን ቆመ። የሽንኩርቱ ባለቤት፣ ሁሩታ ገበያ የሚሸጥ ወፍራም ሳቂታ ነጋዴ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። አስተማሪ መሆኔንና ለምን እንደምሄድ ነግሬው ስለ ማኅበሩ ጠየቅሁት።

«እኔማ ትናንት አወጣሁ።»

«ከስሯል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሌላው ሳይቀድመኝ ብዬ ነው።»

ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ኪሳራ ያየ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚፈራው ጎረቤቱ እንዳይቀድመው ነው።

ስምንት ሰዓት፤ ሁሩታ

ስብሰባው በዕድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ነበር። በብረቱ በር ላይ በጠመኔ ሳጥን ሣልኩ። ማኅበሩ ከተቀመጠው ገንዘብ የተወሰነውን በእጁ እንደሚይዝ፣ የቀረውን ለገበሬና ለነጋዴ እንደሚያበድር ነጥብ በነጥብ አብራራሁ።

አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ስለዚህ ገንዘባችን ሳጥኑ ውስጥ የለም ነው የምትዪው?»

«በትክክል!» አልኩ፣ ጎበዝ ተማሪ እንደመለሰልኝ ሁሉ።

ግርግር ተነሣ። «ሰማችሁ? ራሷ መሰከረች!»

ጋሼ ግንባራቸውን ያዙ። «የጠራሁሽ እሳቱን እንድታጠፊ ነበር እኮ!»

ይህን ጊዜ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዙት እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ ተነሡ። «አካም ጅርታ፣ ደኅና ነሽ ልጄ? አረፍ በይ እስቲ።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ድንኳናችን ስንት ነው?»

«ሁለት!»

«አባወራውስ?»

«መቶ ሃያ!»

«ታዲያ ዛሬ ሁላችሁም ድንኳን አምጪ ብትሉኝ፣ ሌባ ልባል ነው?»

«ሁላችንም ዛሬ ካልሞትን!» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

አዴ ጫልቱ ግን አልሳቁም። ከእሳቸው በፊት የነበረው ዕቃ ጠባቂ ድንኳን ለሠርግ ባከራየ ቁጥር ድርሻ ያገኝ እንደነበር አስታወሱ። ሁለቱንም ለሠርግ ሰጥቶ ሳለ ለቅሶ ደረሰና ለቀስተኞቹ በክረምት ዝናብ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። «ሰውየውን ረገምነው። ደንቡን ያወጣነው ግን እኛ ነን።» ከዚያ ወዲህ አንደኛው ድንኳን ለሠርግ አይወጣም፤ ጠባቂውም የሚከፈለው በድርሻ ሳይሆን በወር ደመወዝ ነው።

ከዚያ ጥግ ላይ ላብ ያጠመቃቸውን የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ግርማን፣ አዩ። «የእናንተ ብድር ሰጪ ሠራተኛ የሚከፈለው በምንድን ነው?»

«ደመወዝ አለው… ከዘንድሮ ጀምሮ ደግሞ ባበደረ ቁጥር ጉርሻ አለው።»

«ብድሩ ባይመለስስ?»

አቶ ግርማ አቀርቅረው፣ «ጉርሻው አይመለስም» አሉ።

ጋሼና ሁለት አባላት ከአቶ ግርማ ጋር የማኅበሩን መዝገብ ሊያዩ ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጋሼ፣ «አብዛኛው ተበዳሪ እየከፈለ ነው። ያልከፈሉት ዘንድሮ፣ ጉርሻው ከመጣ ወዲህ የተበደሩት ናቸው» አሉ።

እጅ ወጣ። ገንዘቡ እንዳይወጣ ተወሰነ፤ ነገር ግን ጉርሻው ብድር ሲመለስ ብቻ ይከፈላል፣ በእጅ የሚያዘው ገንዘብ ይጨምራል፣ ዕድሩም መዝገቡን በየወሩ ያያል። አቶ ግርማ ሦስቱንም ጽፈው ፈረሙ።

አሥራ አንድ ሰዓት፤ መልስ

ደራ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም የጠዋቱ ነጋዴ ባዶ ጆንያውን እያጠፈ ነበር። በመስኮት አየኝ።

«አስተማሪዋ! ዕድሩ አወጣ?»

«አላወጣም። መዝገቡን አይተው ተዉት።»

ጆንያውን ይዞ ቆመ። «አይ የኔ ነገር! ሰኞ መልሼ ላስገባዋ።»

አዳማ ስደርስ መንገዱ ላይ መብራት በርቶ ነበር። ትምህርቴ ውሸት አልነበረበትም፤ ግን የፈሩ ሰዎች የሚጠይቁት ገንዘቡ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ጠባቂው የሚከፈለው ለየትኛው ሥራ እንደሆነም ጭምር መሆኑን ያወቅሁት ከአዴ ጫልቱ ነው። የሰኞውን ትምህርት በዚያው ማታ ቀየርኩት። ሰሌዳው ላይ ሳጥን አልሥልም፤ «የሰፈራችሁ ዕድር ስንት ድንኳን አለው?» ብዬ እጀምራለሁ።