ኡቨ ለምን አብሮን አይበላም ነበር

ባለፈው ሐምሌ ልጄ ሊያ እዚህ ጀርመን፣ ጻይል በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ጠረጴዛ ዘርግታ ቆማ ነበር። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሥራም በጦር ሠራዊትም ከሌላው እኩል እንዲታዩ ወረቀት ያድላሉ። እኔ ፀሐዩ ይጎዳታል ብዬ ውሃና ጎመን በዳቦ ይዤ ከምንኖርበት ሰፈር ከዞሰንሃይም ሄድኩ። "ማማ፣ ሕፃን አይደለሁም እኮ" አለችኝ በጀርመንኛ። አጠገቧ የቆመው ወጣት ወታደር መሆኑን ነገረኝ፤ ከወንድ ጋር በመኖሩ አለቆቹ ምንም እንደማይሉትም ጭምር። ኡቨን ያስታወሰኝ እሱ ነው።

ኡቨን ሳውቀው ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር፤ የጥገኝነት ጉዳዬም አላለቀም። መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ እናጸዳ ነበር። ሥራው በጥንድ ነው፤ አንዱ በመጥረጊያ ይቀድማል፣ ሌላው የወለሉን ማሽን እየገፋ ይከተላል። የብርዱ ወራት ስለነበር በረዶ የረገጠ ጫማችን ወለሉን መልሶ ያቆሽሸዋል። የኔ ጥንድ ኡቨ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። አብረን ከምናጸዳው የአገሬ ሴቶች ታላቅ የነበሩት እትዬ ዘነበች በመጀመሪያው ሳምንት በእኔ አስተርጓሚነት "ሚስት አለህ? ልጅስ?" ብለው ጠየቁት። እኛ ከሰው የምንተዋወቀው እንዲህ ነው።

"ከማርቲን ጋር ነው የምኖረው" አለ ማሽኑን ሳያቆም። ቀድሞ ወታደር ነበር፤ ይህ ሲታወቅ ከእንግዲህ ማዕረግ አታገኝም፣ ሰው አታዝም ስላሉት ትቶ ወጣ።

እትዬ ዘነበች "እሺ፣ ማርቲን ወጥ ይሠራለታል?" አሉ።

ኡቨ ከሁለት ባልደረቦች ጋር ሆኖ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር ታይቶ ሰው ከሥራ እንዳይባረር በድርጅቱ ደንብ ይጻፍ እያለ ይዞር ነበር። ይህ የፈረቃ ኃላፊያችንን አላስደሰተውም። ኡቨ እንዲሰናበት፣ ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት መጠየቅ ላለበት የሠራተኞች ምክር ቤት ሲያመለክት በምክንያትነት ያቀረበው እኛን ነበር፦ "ሴቶቹ አብረውት መሥራት አይፈልጉም፤ ምግብ እንኳ አብረውት አይበሉም።"

አለመብላታችን እውነት ነው። በእረፍት ሰዓት ሽሯችንን ከአንድ ሳህን እንበላለን። አንድ ቀን "ና እንብላ" አልኩት፤ "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለ። አገር ቤት ቢሆን እለምነዋለሁ፣ እጁን ይዤ እጎትተዋለሁ። የቋንቋ አስተማሪያችን ግን ጀርመን አይ ካለ አይ ነው፣ አትጫኑ ብላናለች፤ እኔ ደግሞ የተነገረኝን አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። ደግሜ አልጠራሁትም። እሱም ከዚያ ወዲያ ዳቦውን መስኮቱ ጋ ቆሞ ይበላ ጀመር።

ከምክር ቤቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሊጠይቁን ማረፊያ ክፍላችን መጡ። ኡቨ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። እውነት ከኡቨ ጋር መሥራት አትፈልጉም ወይ ብለው ጠየቁን። ከሴቶቹ ጀርመንኛ የምሞክረው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሥራዬን ካጣሁ የጥገኝነት ወረቀቴ ምን ይሆናል? ሌላ ነገር አላሰብኩም።

"ቤተ ክርስቲያኔ የምትለውን አውቃለሁ" አሉ እትዬ ዘነበች። "እነዚህ የጠየቁኝ ግን ስለ ሥራ ነው። እሱ ከሄደ ያንን ማሽን ማን ሊገፋልን ነው? ይሄ በሩ ላይ የተገተረው? በይ ንገሪያቸው!"

"እትዬ፣ የመጨረሻውንም?"

"እሱን እንኳ ተይው።"

ተረጎምኩ። የራሴንም ጨመርኩ፦ "እኔ አብሬው እሠራለሁ። እንዲበላ ጠርቼዋለሁ፤ አይ አለ። አይ ሲሏችሁ አትጫኑ ያላችሁን እናንተ ጀርመኖች ናችሁ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ኡቨ አልሳቀም። "ለወጉ የጠራችሁኝ፣ እምቢ ስል ደስ የሚላችሁ መስሎኝ ነበር" አለ።

እትዬ ዘነበች ይህን ስተረጉምላቸው "ሞኝ! ጠጋ በል" ብለው ሳህኑን ወደሱ ገፉት።

ኡቨ አልተባረረም። ደንቡም ብዙ ስብሰባ ፈጅቶ በኋላ ተጻፈ፤ እስከ መጨረሻው የገፉት እነ ኡቨ ናቸው። እኔን ኃላፊው ብቻዬን ሽንት ቤቶቹን እንዳጸዳ ቀየረኝ፤ ብርዱ እስኪያልፍ እዚያ ቆየሁ። ወረቀቴ ላይ የደረሰ ነገር የለም።

ይህን ለሊያ ስነግራት "አልፈራሽም?" አለችኝ። ፈርቼ ነበር። ፍርሃት ከዕድሜ ጋር የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ የልጄ ስም በሰው አፍ መግባቱ ያስፈራኛል። ባለፈው እሁድ ከስብከቱ በኋላ፣ ለጉባኤ በተከራየነው አዳራሽ ወንበር ሳጥፍ አንዲት እህት ጠጋ አለችኝ።

"ጻይል ላይ ከነዚያ ጋር የቆመችው ልጅሽ አይደለችም፣ አይደል?"

አይደለችም ብላት ደስ እንደሚላት ከፊቷ አየሁ።

"ናት" አልኳት። ቀጣዩን ወንበር አነሳሁ።