የጋሽ ፍሊት ስኳር

ጋሽ ፍሊትን በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ወባ አገሩን በምታምስበት ዘመን፣ ረግረጉ ዳር ባለው ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ ፍሊት የሚሉትን የትንኝ መድኃኒት ሲረጩ ኖረዋል። መርጫቸውን አዝለው ከገቡ ይሉኝታ አያውቁም፤ አልጋ ይገለብጣሉ፣ ቁም ሣጥን ይገፋሉ። አማታቸውን ሳይቀር ከነምሳቸው ወደ ግቢ አስወጥተዋቸው ነበር፤ አማትየው እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላሏቸውም።

ከዚያ ረግረጉ ተደፈነ፣ ፎቅ በቀለበት፣ ወባም ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። ለጋሽ ፍሊት ቢሮ ተሰጣቸው፤ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሊፍት፣ እስከ ደጃፍ የሚያደርስ ታክሲ። ሱሪያቸው በጠበበ ቁጥር ልብስ ሰፊውን ይራገማሉ።

አንድ ሰሞን ውሃ ጥም አላስቀምጥ አላቸው፤ ጉልበታቸውም ዛለ። የጥንት ጠላታቸው የተመለሰች መስሏቸው፣ ደስ እያላቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ።

«ወባ ናት» አሏት ነርሷን።

«ትኩሳት የለዎትም እኮ አባባ።»

«ይመጣል!»

ደማቸው ታየ። ስኳር ሆኖ ተገኘ።

«ደግመሽ እዪው እንጂ ልጄ! ስኳር የሀብታም በሽታ አይደል እንዴ?»

«አሁንማ ለሁሉም ተዳርሷል» አለች ነርሷ።

ጣፋጭ ተከለከሉ። ባለቤታቸውም ደም ግፊት ተገኝቶባቸው ጨው ከተከለከሉ ሰንብተዋል፤ ስለዚህ ባላቸውን የመጠበቁን ሥራ በደስታ ተረከቡ። አንድ ጠዋት ከጋሽ ፍሊት ካልሲ ውስጥ ከረሜላ አወጡ።

«ይሄስ?»

«የልጅ ልጃችን ነው።»

«ጥርስ ያላወጣው?»

ጋሽ ፍሊት ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት «ሐኪም ያዘዘኝ የእግር ጉዞ» እያሉ መውጣት አመጡ። ጉዞው በታክሲ ነበር፤ መድረሻውም ማንም የማያውቃቸው ሰፈር ያለ ኬክ ቤት። አንድ ቀን ክሬም የተከመረበት ኬክ ይዘው ወደ ጥጉ ሲያመሩ፣ ሻርፕ የተከናነቡ ሴትዮ ጨው የተነሰነሰበት ድንች ጥብስ በሁለት እጃቸው ሲያጣድፉ አዩ። «የታመመ ልጠይቅ» ብለው የወጡት ባለቤታቸው ናቸው።

«በሽተኛሽ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ፍሊት።

«ተሽሎታል። ያንተስ እግር ጉዞ?»

«አረፍ ልል ብዬ ነው።»

ኬካቸውን ይዘው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ባለቤታቸው፣ «እኔ የተከለከልኩት ጨው ነው፤ አንተ ደግሞ ጣፋጭ» አሉና ሳህኖቹን አቀያየሩ። ሕግ ሳይጥሱ እንደዚያ እየተቀያየሩ ከረሙ።

በቀጠሮ ቀን ነርሷ ለካቻቸው። የጋሽ ፍሊት ስኳር አልወረደም፣ ግፊታቸውም ጨምሯል፤ ባለቤታቸውን ደግሞ ስኳር ጀምሯቸዋል።

«ምንድነው የምትበሉት?» ብትል፣ ባልና ሚስት ተያይተው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ሳቃቸው ሳያበቃ ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ፣ አብሯቸው መድኃኒት ይረጭ የነበረ ባልደረባቸውን አገኙት። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

«ምን ነካህ?» አሉ ጋሽ ፍሊት።

«ጫማ ላጠኝ፤ ስኳሩ ቁስሉን አላድን አለኝ። እኔም ቸል ብዬው ነበር።»

ጋሽ ፍሊት በማግስቱ ታክሲውን «ሂድ» ብለው ባለቤታቸውን በእግር አስከትለው ወጡ፤ ባልደረባቸውንም ከቤቱ ጠሩት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። ባልና ሚስት ወደ ኋላ ቀርተው «አንቺ ነሽ»፣ «አንተ ነህ» ሲነታረኩ፣ ባልደረባው በክራንቹ እየቀደመ፣

«ኑ እንጂ፣ እናንተ ባለ ሁለት እግሮች!» ይላቸዋል።